ጉድጓዱ ያልፈረመበት ቀን

ቤቴን ሊገዛ የመጣው ወጣት በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ አፍንጫውን በጨዋነት ወደ አስፋልቱ አዞረና፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግቢው የፍሳሽ ችግር አለበት እንዴ?» አለኝ።

የፍሳሽ ችግር የለበትም። ከቤቱ ጀርባ ባለቤቴ ብርዛፍ የቆጮ ጉድጓዷን ከፍታ ቅጠል ትቀይር ነበር። ቆጮን ሰሃን ላይ ከክትፎ ጎን ተኝቶ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ሽታ አያውቀውም። እንሰቱ ተፍቆ፣ ተወቅጦ፣ በገዛ ቅጠሉ ተጠቅልሎ መሬት ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ቀስ በቀስ ሲብላላ የሚያወጣው ሽታ ነው፤ ጓዳ የተረሳ እርጎና ዝናብ የመታው ቆዳ አንድ ላይ የከረሙ ይመስላል። ጸሐፊዎች ስለ ጽጌረዳና ስለ አደስ ሲጽፉ ብዙ አንብቤያለሁ፤ በዚህ ሽታ የተመሰጠ ግን አላጋጠመኝም። ምናልባት የእነሱም አፍንጫ እንደዚህ ልጅ አፍንጫ የተማረ ሆኖ ይሆናል።

ልጁ አብዱ ይባላል፤ ባንክ ነው የሚሠራው። አጠገቡ ሚስቱ ሃያት ነጭ ስኒከሯን ከነሐሴ ጭቃ እየጠበቀች፣ አንድም ቃል ሳትናገር ተቀምጣለች። የመጀመሪያ ቤታቸው ነው። በዋጋው ከተስማማን ሰንብተናል፤ የቀረን አንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ መቼ ነው የምንለቅላቸው? አብሯቸው የመጣው ደላላ ስልኩን አውጥቶ፣ «እንግዲህ ቀን እንቁረጥ» ሲል፣ እኔ አፌ ላይ እንደመጣልኝ «የዕንቁጣጣሽ ማግስት» አልኩ። ውሉ ላይ ተጻፈ፤ ፈረምን። ምን እንዲያ እንዳጣደፈኝ ብጠየቅ ምክንያት ሞልቶኛል። ልጃችን ሰላማዊት ወልቂጤ ነው የምትኖረው፤ ከወለደች ወዲህ እናቷን በስልክ ስትጠራ ነው የምትውለው። ቤቱ ለሁለት ሰው ሰፍቶናል። መስቀልንም ዘንድሮ ወልቂጤ እንውላለን። ይህ ሁሉ ለደላላው የተነገረ ነው። ለደላላው ያልነገርኩት ደግሞ አለ፤ ብርዛፍ በበልጉ ዝናብ ጓሮ ወጥታ አዲስ የእንሰት ችግኝ ስትተክል አይቻለሁ። እንሰት ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ቤቷን ልትሸጥ የተስማማች ሴት ለምን እንሰት እንደምትተክል ልጠይቃት ስል፣ ሳልጠይቃት ክረምቱ ገባ። ካልጠየቅኳት መልሱን አልሰማም ብዬ ይሆናል የተጣደፍኩት። ከፈረምኩ በኋላም መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነሳሁ፣ የበረንዳውን ምሰሶ ጨበጥኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ቀን እንቁረጥ» የሚለው ቃልና ያ ሽታ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው።

ስለ ድሮ የሚጽፉ የዕድሜ እኩዮቼን አልወዳቸውም። ያ ዘመን ደግ ነበር ይላሉ። ደግ አልነበረም፤ አቧራማ ነበር። ቡታጅራ ያኔ ባጃጅ የሚባል አታውቅም፤ ከተማውን የሚያዞሩት ጋሪዎች ነበሩ፤ ፈረሶቹም ከተሳፋሪው ይልቅ ለራሳቸው ማረፊያ የሚያስፈልጋቸው ምስኪኖች። ሻይ በሳንቲም ነበር፣ አዎ፤ የእኔም ደመወዝ ከሳንቲም ብዙም አይርቅም። ትከሻው ከትከሻችን አልፎ የሚወርድ ኮት፣ ጫማችንን የሚውጥ ሱሪ ለብሰን መንገድ ስንጠርግ እንውላለን፤ ያንን ዛሬ ፎቶ ላይ የሚያይ ሰው የታላቅ ወንድማችንን ልብስ የሰረቅን ይመስለዋል። መናኸሪያው ጥግ የካሴት ሱቅ ነበር። ባለሱቁ የወደደውን አንድ ዘፈን ጧትም ማታም ይከፍትብናል፤ ቴፑ ካሴቱን ሲያኝክበት በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ያስተካክላል፤ እኛ ቆመን እንጠብቃለን፤ ዘፈኑ ካቆመበት ይቀጥላል። ፍቅረኛው ጥላው የሄደችበት ዘፋኝ እንኳ እንደዚያ ቆሞ የሚጠብቅ አድማጭ ዛሬ አያገኝም። በገበያ ቀን ደግሞ ቆሼ ከምትባለው ከቆላዋ ከተማ የሚመጣው የበርበሬ ጆንያ ሲያልፍ የዋናው መንገድ ሰው በአንድ ጊዜ ያስነጥሳል፤ ፖሊሱም፣ ቄሱም፣ ሼሁም፣ እኔም። ያንን ማስነጠስ ብቻ እወደው ነበር። እሱን አልክድም።

ሃያዎቹን ልጨርስ ጥቂት የቀረኝ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ። መርካቶ ተወልጄ መርካቶ ያደግሁ፣ አባቴ ለመስቀል ይዞኝ ከሚመጣባቸው ጥቂት ቀናት በቀር የአባቴን አገር ከሩሲያ ያነሰ የማውቅ ልጅ። ሩሲያን በልብ ወለድ አንብቤያታለሁ፤ ጉራጌን ግን የጻፈልኝ አልነበረም። ቆጮም ለእኔ ታስሮ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዕቃ ነበር። ብርዛፍ ግን የጉንችሬ ልጅ ናት፤ እንሰት መሃል ነው ያደገችው። እናቷ የሞቱት እሷ ገና ተማሪ ሳለች ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር፤ ሆዷ በገፋ ቁጥር ዝምታዋም አብሮ ይገፋል። አንድ ቀን ልብስ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣

«ስወልድ ማነው የሚያርሰኝ?» አለችኝ።

«ሠራተኛ እንቀጥራለን» አልኳት።

ያንን መልስ ያስተማረኝ የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ አላስታውስም። ብርዛፍ ልብሱን አጥፋ ጨረሰች፤ ነገሩንም ዳግመኛ አላነሳችብኝም። እኔም የተዘጋ ጉዳይ አድርጌ ቆጠርኩት።

የምንኖረው በአንዲት ክፍል ነበር። አከራያችን ደግ ሴት ነበሩ፤ ማለትም የሚያስወጡን በምርቃት ነበር። «መምህር፣ ልጄ ከፋሲካ በኋላ ያገባል፤ እሰይ በሉኝ» አሉ። እሰይ አልን። «ክፍሉን ላሳድስለት ነው። የካቲት ሲያልቅ ትለቁልኛላችሁ አይደል? ቤት ገዝታችሁ የለ! በገዛ ቤታችሁ ለመውለድ ያብቃችሁ።»

ቤት ገዝተን ነበር፤ ልክ ነው። ለመግዛት የሚያስፈልገውን ሁሉ ያደረገልን የብርዛፍ ወንድም ነው፤ እሱን ላመሰግነው አልፈልግም፤ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል። ሻጩ ጋሽ ሸምሱ የገበያው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ የሚሸጡትም የባለቤታቸው የእትዬ ዘይነባ ወንድሞች ወዳሉበት ወደ ቆሼ ሊገቡ ነው። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሰማያዊ መስኮት ነበረው። ከፊት ለፊት ከበረንዳው የዘቢዳር ተራራ ይታያል፤ ከጀርባ ጓሮው በእንሰት ጨለም ብሏል። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ ያየሁት በረንዳውን ነው። ቁጭ ብዬ የማነብበትን ቦታ መርጬ ተመለስኩ። ጓሮውን አላየሁትም፤ ማን ጓሮ ያያል?

ቀን የቆረጥነው ገበያው አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ደላላው፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጋሽ ሸምሱና እኔ። ግድግዳው ላይ ካለፈው ዓመት የተረፈ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ እኔ ግን የዘንድሮውን ከትምህርት ቤት ይዤ ሄጄ ነበር።

«የካቲት ሃያ ዘጠኝ» አልኩ፣ ጣቴን አስቀምጬ።

«ኢንሻአላህ» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ኢንሻአላህ ብቻ አይበቃኝም። የምንኖርበትን ክፍል እንለቃለን፤ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። በቁርጥ ይንገሩኝ።»

አንደኛው ሽማግሌ ሻያቸውን አስቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ እሱ ካልፈቀደ ሃያ ዘጠኝ ራሱ ይመጣል ብለህ ነው?» ሲሉ ሁሉም ሳቁ። ደላላውማ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ የእሱ ድርሻ በቀኑ ላይ አልነበረም።

ጋሽ ሸምሱ ግን አልሳቁም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ለሰው የሚሳሱ ዓይነት ሰው ነበሩ። የቀን መቁጠሪያዬን እንደ ሕመምተኛ ፊት በሐዘኔታ ሲያዩት ቆዩና፣ «ቀኑን አንተ ቁረጥ የኔ ልጅ፤ ለኔ ሁሉም ቀን የአላህ ነው» አሉ። ውሉ ላይ ተጻፈ፤ ፈረሙ፤ ፈረምኩ። ወደ ቤት ስመለስ እንደ ድል አድራጊ ነበር የምራመደው። «በቁርጥ አስፈርሜያቸዋለሁ» አልኳት ብርዛፍን። «እትዬ ዘይነባ ነበሩ?» አለችኝ። «ሴትዮዋ ምን ይሠራሉ? የሸጡት ባልየው ናቸው።» ብርዛፍ አየችኝ። ያንን አስተያየቷን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዛሬም ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ።

የካቲት ሃያ ዘጠኝ መጣ፤ ይኸው፣ መጣ። አልጋችንን፣ የስፖንጅ ፍራሻችንን፣ በሳሙና ካርቶን የታሸጉ መጻሕፍቴን ሁለት ጋሪ ላይ ጭነን ሄድን። ብርዛፍ ከፊተኛው ጋሪ ላይ ሆዷን ታቅፋ ተቀምጣለች። ዘቢዳር ላይ የበልግ ደመና ቁጭ ብሏል፤ ባለጋሪው በየደቂቃው ወደ ላይ እያየ ፈረሱን ይሰድባል። ደጁ ስንደርስ በሩ ክፍት ነው። ከውስጥ ግን የሚወጣ ዕቃ የለም። እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው የሰበሰቡ፣ ክርናቸው ድረስ ነጭ በነጭ የሆኑ አጠር ያሉ ሴት ወጡ።

«ማነው?»

«ገዢው ነኝ እትዬ ዘይነባ። እንደምን ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምኑን ነው የገዛኸው?»

«ቤቱን ነዋ!»

«ቤቱን እሱ ሸጦልሃል፤ ግባ፣ ቤቱ ያውልህ። ጉድጓዱንስ ማን ሸጠልህ?»

ጋሽ ሸምሱ ከኋላቸው ቆመው ነበር። እኔን አላዩኝም፤ እሳቸውንም አላዩም። ዘቢዳርን ነበር የሚያዩት።

እኔ የምን ጉድጓድ እንደሆነ አልገባኝም። የውሃ ጉድጓድ መሰለኝ። ውሉን ከኪሴ አውጥቼ፣ ለማየት ነው ብዬ፣ ቤቱን ዞሬ ወደ ጓሮው ገባሁ። ሦስት የጎረቤት ሴቶች እንሰት እግራቸው ስር አድርገው እየፋቁ ነበር። ሲጮኹ ንብ የመጣባቸው መስሎኝ ዞር አልኩ። «ወንድ! ወንድ ገባ! ኧረ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው!» አንዷ ቅጠል ወረወረችብኝ። ወረቀቴን ይዤ ስሸሽ እትዬ ዘይነባ ከማዕዘኑ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እዚያ ቦታ ወንድ እንደማይደርስ በዚያ አገር የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንዱ ቢበዛ እንሰቱን ይተክል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው፣ መፋቁ፣ መቅበሩ፣ ጉድጓዱ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ የሴቷ ነው። ባል ቤቱን ሊሸጥ ይችላል። ስለ ጉድጓዱ ግን አስተያየት እንኳ የለውም።

«እትዬ ዘይነባ፣ ውል አለን እኮ፤ ተፈርሟል» አልኩ።

«ወረቀቱ ቆጮ ያደርሳል?»

«እንግዲያው ይዘውት ይሂዱ፤ ቆሼ ይቅበሩታ።»

«ያ ረቢ! ቆሼ!» ሴቶቹ ከጓሮው ሳቁ። «ልጄ፣ ቆሼ ሙቀት ነው፤ ግማሽ የደረሰ ቆጮ ከአፈሩ አውጥቼ እዚያ ብወስደው ተበላሽቶ ነው የሚቀርብኝ። እኔ ለአረፋ ነው የቀበርኩት። ልጆቼ ሁሉ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ ነው የሚበሉት። ከዚያ ወዲያ ቤቱን ከነጣሪያው ውሰደው።»

አረፋ ሊደርስ ገና ሳምንታት ይቀሩት ነበር። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ መጻሕፍቴ ላይ ወረደ። ባለጋሪው «መምህር፣ ላውርድ ወይስ ልመለስ?» አለ። ልመለስ ወደየት? አከራያችን ጧቱኑ ኖራ ቀቢ አስገብተዋል። እዚያ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ውል፣ በሌላው የካርቶን ገመድ ይዤ፣ ስለ ሕግ የበላይነት የማውቀውን ሁሉ ለመናገር አፌን ስከፍት ብርዛፍ ከጋሪው ወረደች። ጫማዋን አወለቀች። እትዬ ዘይነባን ሰላም አለችና ሁለቱ ተያይዘው ወደ ጓሮው ገቡ። ማንም አልጮኸም።

እኔና ጋሽ ሸምሱ ጎን ለጎን ቆምን። «ይቆያሉ?» አልኳቸው። «እኔ ምን አውቃለሁ» አሉኝ።

ብርዛፍ ስትመለስ እጇ ነጭ ሆኗል። «ዕቃውን አውርዱት» አለች ለባለጋሪው። «ሳሎኑን ለኛ ለቀውልናል፤ እነሱ ከጓዳ ወዲያ ይሆናሉ።»

«ቀኑስ? መቼ ነው የሚወጡት?»

«ተስማምተናል።»

«መቼ ብላችሁ?»

«ሲደርስ» አለችና ገባች።

እንዲህ ሆኖ በገዛ ቤቴ ውስጥ በተከራይና በባለቤት መካከል የተንጠለጠልኩ ሰው ሆንኩ። እነሱ ከጓዳ፣ እኛ ከሳሎን። እኛ የሁዳዴን ጾም፣ እነሱ የራሳቸውን ሥጋ፤ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ድስት። ጧት እነሳለሁ፣ የዝናቡን መጠን አያለሁ፣ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ ተመልሼ «ዛሬስ?» እላለሁ። ብርዛፍ «ገና» ትለኛለች። በሰዓታት የማስተምር፣ በደወል የምኖር ሰው ነኝ፤ «ገና» የሚባል ሰዓት በፕሮግራሜ አልነበረም። ሌሊት ከእንቅልፌ ነቅቼ በመደርደሪያ እጦት ካርቶን ውስጥ ስላሉት መጻሕፍቴ አስባለሁ፤ ጧት ስነሳ ካርቶኖቹ ላይ የእትዬ ዘይነባ ሊጥ ተሸፍኖ አድሮ አገኛለሁ። የሚያበሽቅ ነገር ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ያንን ጊዜ ጣፋጭ ነበር ብዬ ላሰማምረው አልፈልግም፤ በየቀኑ እበሳጭ ነበር፤ በደንብ ነው የተበሳጨሁት።

ጓደኛዬ ጋሽ ሸምሱ ብቻ ነበሩ። ሁለታችንም ከጓሮው የተባረርን፣ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ከፍተን የምንቀመጥ ሰዎች። አንድ ቀን መቻል አቃተኝና፣

«ጋሽ ሸምሱ፣ እንዲህ መሆኑን እያወቁ ለምን ፈረሙ?» አልኳቸው።

ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉ። «ምን ላድርግ? አንተ ቀን፣ ቀን አልክ። ወረቀት ይዘህ መጥተሃል። እንግዳ ነህ፤ ሚስትህ ነፍሰ ጡር ናት፤ ላሳዝንህ አልፈለግሁም።»

«እና ዋሹኝ?»

«ኢንሻአላህ አላልኩህም? አንተ ነህ አይበቃኝም ያልከው!»

«እትዬ ዘይነባን ጠይቄ ልምጣ ቢሉኝ ምን ነበር?»

ይህን ስል ከልባቸው ነው ያዘኑልኝ። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህች ሴት ጋር ኖሬያለሁ። ያ ጉድጓድ መቼ እንደሚከፈት አንድም ቀን ተነግሮኝ አያውቅም። ሲሸት አውቃለሁ፤ ሲቀርብልኝ እበላለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላውቅ ነው?» ሬዲዮውን መልሰው ከፍ አደረጉት።

አረፋ ደረሰ። የእትዬ ዘይነባ ልጆች ከመርካቶ በጭነት መኪና ተጭነው፣ እንደ ልማዳቸው ከሙሉ ጎረቤታቸው ጋር መጡ። ጉድጓዱ ተከፈተ። ሽታው ሳሎኔን፣ ካርቶኖቼን፣ ኮቴን ሁሉ ወረሰ፤ በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ወደፊት ዘንበል ብለው እያሸተቱኝ «መምህርም ገቡበት» ብለው ሲስቁ ሰምቻለሁ። ለእኛ በጾማችን ቆጮ በጎመን ተሠራልን። ሳልወድ ልናገር፤ እንዲያ ያለ ቆጮ ከዚያ በፊትም በኋላም አልበላሁም። እየበላሁ ግን በልቤ የማስበው «አለቀ፣ ጉድጓዱ ተከፈተ፣ ነገ ይወጣሉ» ነው። ልጆቹ እሽግ እሽጋቸውን ጭነው ተመለሱ። በነጋታው አልወጡም። በሳልስቱም አልወጡም። እትዬ ዘይነባ እንዲያውም ጓሮውን ይጠርጋሉ፤ ገብስ ይቆላሉ።

ወደ ብርዛፍ ሄድኩ። «ጉድጓዱ ተከፍቷል። ቆጮው ተበልቷል። አሁን ደግሞ ምን ቀራቸው?»

«ተዋቸው» አለችኝ።

«እንዴት ነው የምተዋቸው? ቤቱ የኛ ነው!»

«የኛ ከሆነማ ማን ይቆይ ማን ይሂድ እኔም እናገራለኋ» አለች። እግሯ አብጧል፤ ግድግዳ ይዛ ነው የምትነሳው። ከዚያ በላይ ልጨቃጨቅ አልቻልኩም።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ጧት፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ምጧ መጣ። ወደ ሐኪም ቤት ይዘዋት የሄዱት እትዬ ዘይነባ ናቸው። ደርሼ ስገባ ከአልጋው ራስጌ ቁጭ ብለው ላቧን በሻሻቸው ይጠርጉ ነበር፤ ብርዛፍ እጃቸውን ይዛ፣ ለእኔ አንድም ቀን ያላሰማችኝን የጉንችሬ ቋንቋ ታወራቸዋለች። እሳቸው በመስቃን ጉራጊኛ ይመልሱላታል። ምን እንደሚባባሉ አልገባኝም። ሰላማዊት ተወለደች። ከዚያ በኋላ ገብሱ ለምን እንደተቆላ ገባኝ፤ አጥሚት ሊሆን ነው። እትዬ ዘይነባ ብርዛፍን እንደ ወለዷት አድርገው አረሷት። ገንፎ አገነፉላት፣ ሕፃኗን አጠቡላት፣ እኔን ደግሞ ከሳሎኑ ወደ በረንዳው አባረሩኝ። ጋሽ ሸምሱ ወንበር ጠጋ አደረጉልኝ።

ብርዛፍ ከአራስ ቤት ስትወጣ የቆሼ መኪና ደጃችን ቆመ። ማንም ቀን አልቆረጠም፤ አንድ ጧት ብቻ ዕቃቸው ወጥቶ አየሁት። እትዬ ዘይነባ ከመሄዳቸው በፊት ብርዛፍን ወደ ጓሮው ይዘዋት ገቡ። ከጉድጓዱ ሥር እፍኝ የማይሞላ አሮጌ ቆጮ በቅጠል ጠቅልለው ትተውላት ሄዱ፤ አዲሱ የሚቦካው በእሱ ነውና። ጋሽ ሸምሱ ከመኪናው መስኮት እጃቸውን አወጡና፣ «መምህር፣ ይኸው በሰላም ለቀቅንልህ!» አሉኝ፤ ውላችንን የፈጸሙ ያህል ኮርተው።

መኪናው ሲታጠፍ፣ «በዚያን ቀን ጓሮ ገብታችሁ ምንድነው የተባባላችሁት?» አልኳት ብርዛፍን።

«እሳቸው አረፋን ጠየቁኝ። እኔ አራስነቴን ጠየቅኳቸው። ተስማማን።»

«እና ያን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቀን ትጽፍበት ነበራ» አለች።

ይህን ታሪክ ለስንት ሰው እንዳወራሁት! በሠርግ ላይ፣ በለቅሶ ላይ፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ። ጋሽ ሸምሱን እያስመሰልኩ፣ ዘቢዳርን አሻግሬ እያየሁ፣ ሚስቱን ሳይጠይቅ ስለፈረመው ሰውዬ ሰው አስቄያለሁ። ዛሬ ነሐሴ ላይ፣ ከዚያው በረንዳ ላይ፣ ከጀርባዬ ለመስቀል የተቀበረ ጉድጓድ እየሸተተ፣ ከመስቀል በፊት ልለቅ ፈርሜ ተቀመጥኩ። በጋሽ ሸምሱ በኩል አንድ የሚነሳላቸው ነገር ነበር፤ እሳቸው ኢንሻአላህ ብለዋል።

ብርዛፍ ከማዕዘኑ ብቅ አለች። እጅጌዋ ተሰብስቧል፤ እጇ ነጭ ነው።

«ቀን ቆረጣችሁ?»

«ቆርጠናል እትዬ» አለ አብዱ ደስ ብሎት፤ ስልኩን አሳያት። «የዕንቁጣጣሽ ማግስት። ጋሼ ናቸው የቆረጡት፤ አሪፍ ሰው ናቸው፤ አላንዛዙብንም።»

ብርዛፍ ስልኩን አላየችም። እኔን አየችኝ። ያንን አስተያየት አየሁት። ከዚያ ወደ ሃያት ዞረች፤ «አንቺ ልጅ፣ ያንን ነጭ ጫማሽን አውልቂና ነይ እስቲ፤ ጓሮውን አላየሽም አይደል?»

ሃያት ባሏን አየች፤ ስኒከሯን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ክሯን ፈታችና በባዶ እግሯ ጭቃው ውስጥ ገባች። ሁለቱ ከማዕዘኑ ሲሰወሩ ደላላው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ውሉ ተፈርሟል እኮ።»

«ተፈርሟል» አልኩ።

ከጓሮ የሃያት ድምፅ ይሰማል። እኛ ፊት ቃል ያልተነፈሰችው ልጅ ሳታቋርጥ ታወራለች፤ መሃል መሃል ላይ ብርዛፍ ትስቃለች። አብዱ ተነሳ።

«ወዴት ነህ?»

«ላያቸው ነዋ።»

«ቁጭ በል። ወንድ እዚያ አይሄድም።»

«እንዴ ጋሼ! እርስዎ የተማሩ ሰው… ይሄማ ፋራ ነው።»

«ፋራ ነው» አልኩት፤ ወንበሩን ጠጋ አደረግሁለት። «ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ነፋሱ ሽታውን ይዞ በረንዳው ላይ ተኛ። በዚህ ጊዜ የብርዛፍ ድምፅ ከፍ ብሎ ተሰማ። «ይሄኛው ላንቺ፤ አሮጌው ነው፣ እንዳትጥዪው። ይሄን ደግሞ ወደ ወልቂጤ እወስደዋለሁ። ችግኞቹም ያንቺ ናቸው፤ ሲደርሱ ማን እንደሚፍቅልሽ አሳይሻለሁ።»

ከፈረምኩ ወዲህ መቀመጥ ያቃተኝ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዬን ወንበሩ ላይ አሳረፍኩ።

«ምንድነው የሚካፈሉት?» አለኝ አብዱ፣ ጆሮውን ወደ ጓሮው አቁሞ።

«ቀኑን ነው።»

«ቀኑንማ ቆርጠናል!» ስልኩን እንደ ውል አነሳብኝ። «የዕንቁጣጣሽ ማግስት አላሉም እንዴ? ጋሼ፣ እኛ የተከራየነውን ቤት ልንለቅ ነው እኮ። በቁርጥ ይንገሩኝ፤ መቼ ነው?»

መልስ ልሰጠው ፈልጌ ነበር። ላሳዝነው አልፈለግሁም። ዘቢዳርን አየሁ።